በትርፍ «ስ» የወጣው አልበም

ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው ይባላል፤ ውሸት ነው። ያወጣችላት የገዛ እናቷ ናት፤ ያውም ገና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ። አንዲት ደንበኛ አዲስ የተሰፋላትን ለብሳ መስታወት ፊት ትሽከረከርና «እንዴት ነኝ?» ትላታለች። ልጅቱ ከስፌት መኪናው ሥር የወዳደቀ ቁልፍ ስትለቅም ነበር፤ ቀና ብላ አየቻት። «ቀሚሱስ ያምራል» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያቺ «ስ» ግን ሴትዮዋን ከወገቧ እስከ አንገቷ ቀደደቻት። እናት ደንበኛዋን በስንት ማባበል ከሸኘች በኋላ ወደ ልጇ ዞራ፣ «አንቺ ልጅ አይደለሽም፤ ምላጭ ነሽ» አለቻት። ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ምላጭ ስድብ ብቻ አይደለም፤ የተሰፋ የሚፈታበት፣ ከመሳቢያ የማይጠፋ ዕቃ ነው። ልጅቱ ስሙ ሳይለቃት አደገች፤ ምላሷም ሳይዶለድም።

አሁን ምላጭ ዘፋኝ ናት። ጊታር ማንም አላስተማራትም። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሰችው የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ልኬት ለመውሰድ ብቻ ነው፤ ይህንንም ያለ ኀፍረት፣ እንዲያውም ደረቷን ነፋ አድርጋ ትናገራለች። ባንዱ ሦስት ሰው ነው። ድራም የምትመታው የአክስቷ ልጅ ናት፤ ስትራመድም ስትስቅም ዕቃ የተሞላ ቁም ሳጥን ከደረጃ ላይ የሚንከባለል ስለሚመስል ነጎዴ ይሏታል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጭጭ ነው። ጭጭ ጤነኛ ሰው ነው፣ አፍም አለው፤ ሥራ ላይ ማዋሉን ነው የማይወደው። «ደህና አደርክ?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ ያ ለእሱ ረጅም ንግግር ነው።

የባንዱ ስም ቁርጥራጭ ነው። የተሰየመው በሚለማመዱበት ክፍል ነው። ከስፌት ቤቱ በስተጀርባ፣ እናት ጥቅል ጨርቅ የምታስቀምጥበት መስኮት የሌለው ክፍል አለ። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ ጨርቅ ነው፤ ወለሉ ላይ የተረፈ ብጥስጣሽ ተከምሯል። እዚያ የገባ ድምፅ አያስተጋባም፤ ለስልሶ፣ ተጣጥፎ ይቀመጣል። «ባለ ስቱዲዮዎች ለዚህ ሲሉ ስፖንጅ ይገዛሉ» ትላለች ምላጭ። «እኛ ሱፍና ከፋይ አለን።»

እናት ክፍሉን ስትፈቅድ ነገሩን አላድበሰበሰችም። «ያ አልበም የምትሉት እስኪወጣ ድረስ ነው። ከወጣ በኋላ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ቁጭ ትያለሽ። ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም።»

«እሺ እማ» አለች ምላጭ። ያኔ አልበሙ ይወጣል ብሎ ያመነ ሰው ስላልነበረ፣ እሺ ማለት ቀላል ነበር።

እናት ስለ ሙዚቃቸው የምታውቀው በግድግዳው በኩል አልፎ የሚመጣላትን ነው፤ የሚመጣላት ደግሞ መጀመሪያ መጀመሪያው ብቻ። ምላጭ አንድ ዘፈን ጀምራ በሰላም የምትጨርስ ሰው አይደለችም። ነጎዴ ትንሽ ከቸኮለች ታስቆማለች። የጭጭ ጣት ከሳተ ታስቆማለች። የራሷ ድምፅ ቅር ሲላትም ታስቆምና ሁለቱን ትቆጣለች። «አንድ ቀን እንኳ ሲያልቅ ሰምቼው አላውቅም» ትላለች እናት ለደንበኞቿ፣ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሳታወጣ። «ጅምር ሱሪ ለሰው ይሰጣል እንዴ?»

ይሁን እንጂ አለቀ። ስቱዲዮ ገብተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ እንደገና ተጣልተው አልበሙን ጨረሱት። የመጠሪያው ዘፈን «ልበ ሰፊ» ይባላል። ይህን ስም እስክታገኝ ምላጭ ስንት ወረቀት ጨምድዳ ጥላለች። ልበ ሰፊ ማለት ቻይ፣ ታጋሽ፣ በትንሽ በትልቁ የማይከፋው ማለት ነው። ለማን እንደጻፈችው ሲጠይቋት «ለሚመለከተው» ትላለች፤ ሁለተኛ የሚጠይቃት የለም።

ስሙን ያበላሸው ጭጭ ነው፤ ያውም በዕድሜው ከተናገራቸው ጥቂት ቃላት በሁለቱ።

ማተሚያ ቤቱ የሽፋኑን ጽሑፍ ለማረጋገጥ እንዲደውልበት የተሰጠው ቁጥር የስፌት ቤቱ ነበር፤ ጮኾ የማይቀር ስልክ እሱ ብቻ ስለሆነ። የስፌት ቤቱ ስልክ ደግሞ ሕግ አለው። ማንም ያንሳው ማን፣ ከሃሎ በፊት «ልብስ ሰፊ!» ማለት አለበት። እናት በዚህ አትደራደርም፤ ደንበኛ የት እንደደወለ ሳይጠይቅ ይወቅ ባይ ናት። የዚያን ዕለት እሷ ልኬት ላይ፣ ምላጭ ካውያ ላይ ነበሩና ጭጭ ከስልኩ ጋር ብቻውን ተፋጠጠ። ስልኩ ጮኸ። ጭጭ ዘወር ዘወር ብሎ አየ። ስልኩ አሁንም ጮኸ። የሚያድነው ሲያጣ አነሳው። በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው የተጣደፈ ነበርና፣ ጭጭ ለሕጉ አፉን ሲያዘጋጅ ቀድሞት፣ «ከማተሚያ ቤት ነው፤ የአልበሙ ስም ማን ነበር?» አለ።

«ልብስ ሰፊ» አለ ጭጭ፣ በሕጉ መሠረት።

«ገባኝ፤ አመሰግናለሁ» አለ ሰውዬው። ዘጋው።

ጭጭ እንዲህ በቀላሉ የተገላገለው ጥሪ ኖሮ አያውቅምና ደስ አለው። ምላጭ ከካውያው ጢስ ውስጥ ሆና «ማነው?» አለችው።

«ማተሚያ ቤት።»

«ስሙን ነገርካቸው?»

ራሱን ነቀነቀ።

ሽፋኑ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ የሦስቱም ፎቶ አምሮ ወጥቷል፤ የጭጭ እንኳ። ከላይ በትልልቅ ፊደል «ቁርጥራጭ» ይላል። ከሥሩ «ልብስ ሰፊ»።

ምላጭ አነበበችው። አገላብጣ ጀርባውን አየችና እንደገና አነበበችው። «ይህቺ ‹ስ› ከየት መጣች?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ድምጿ የሚያስፈራው ዝቅ ሲል ነው።

ነጎዴ ሽፋኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረገችው። «የቀለም ጠብታ ይሆን?»

«ጠብታ ፊደል ቆጥሯል?»

ጭጭ ወለሉን ያይ ጀመር። «ስልኩ» አለ።

«ስልኩ ምን ሆነ?»

«ሕጉ።»

ቀስ እያለ ገባቸው። ነጎዴ ፊቷን የከፋይ ጨርቅ ጥቅል ውስጥ ቀበረች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ አሳበቀባት።

«ዕድሜህን ሙሉ ዝም ብለህ ኖረህ ኖረህ» አለችው ምላጭ፣ «ልትናገር የመረጥክባት ቀን ይህቺ ሆና አረፈች? ስንት የለፋሁበት አልበም እኮ ሱሪ የሚያሳጥር መሰለ።»

«እናስመልሰዋ» አለች ነጎዴ እንባዋን እየጠረገች።

«ፖስተሩ ከጠዋት ጀምሮ በየመንገዱ ግድግዳ ላይ ነው» አለ ጭጭ። የዚያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፤ አፉ ተከፍቶ ነበር።

እናም እንደዚያው ወጣ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ጊታር ያነገቡ ልጆች ከላይ ቁርጥራጭ፣ ከታች ልብስ ሰፊ የሚል አልበም ይዘው ሲመጡ የማይስቅ ማን ነው? ለመሳቅ ያህል የከፈተው ግን አዝማቹ ጋ ሲደርስ ሳቁን ተወና አብሮ ያንጎራጉር ጀመር፦

ልበ ሰፊ፣ ልቀቂው ከጎኔ፣
ልብሱ አልጠበበም፣ ያደግሁት ነኝ እኔ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ታክሲ ውስጥ ይዘፈናል፣ ፀጉር ቤት ይዘፈናል፣ አናጢው ሚስማር እየመታበት ይዘፍነዋል። ሬዲዮ ጣቢያው በጠዋት ከፍቶት ከሰዓትም ይደግመዋል። ተማሪዎች በረድፍ ቆመው ጎን ጎናቸውን እየያዙ ይጨፍሩበታል። ብቻ ሁሉም ሽፋኑን አንብቦ ነውና የሚዘፍነው፣ «ልብስ ሰፊ፣ ልቀቂው ከጎኔ» ነው የሚለው። ደግሞ ሲሉት የማይገጥም መሰላችሁ? ቁርጥ አድርጎ ይገጥማል።

ምላጭን ደስታውና ብስጭቱ ባንድ ጉሮሮ ነው የገባት። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲዘፍን ሰማችና አላስችል አላት።

«‹ልበ› ነው የሚለው፤ ‹ልብስ› አይደለም።»

ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አያት። «አንቺ ደግሞ ከዘፋኟ በላይ ታውቂያለሽ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀባት። እሷም መስኮቱን እያየች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እስክትወርድ ድረስ በውስጧ ስትስቅ ሄደች።

መዘዙ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የእናት ስፌት ቤት በራፍ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ስም የለውም። ገና ሲከፈት የሰሌዳ ጸሐፊው «ማን ልበለው?» ቢላት፣ «ሥራዬ ምን ሆኖ ነው ስም የሚያስፈልገኝ?» ብላ «ልብስ ሰፊ» ብቻ አስጽፋበታለች። አልበሙን የሰማ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ቀና ይልና፣ «እንዴ፣ ይቺ ናት እኮ የዘፈኗ» ይላል። ፎቶ ይነሳል። ፎቶ ከተነሳ በኋላ ባዶ እጁን መሄድ ያሳፍረዋልና የተቀደደ ኪስ ይዞ ይመለሳል። ጎን የጠበበው ሁሉ ወደዚያ ሆነ። በዚያ ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የዩኒፎርሙ ወቅት ገባ። ሱሪው ከጠረጴዛ አልፎ ወንበር ላይ፣ ከወንበር አልፎ የመስታወቱ አናት ላይ ተቆለለ።

ምላጭም ቃሏን ጠብቃ ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀመጠች። ዝናዋ በጨመረ ቁጥር የምታሳጥረው ሱሪ ጨመረ። ከተማው የእሷን ድምፅ እየሰማ ይዝናናል፤ እሷ የመኪናውን ድምፅ እየሰማች ጉርድ ቀሚስ ትጠርዛለች። ነጎዴና ጭጭም አዘኑላትና እየመጡ ያግዙ ጀመር። ነጎዴ ካውያ ያዘች፣ ጭጭ ቁልፍ ይተክላል፤ ለዚያ ሥራ መናገር አያስፈልግምና ደስተኛ ነው።

በዚህ መሀል አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ደወለ። ሁለት ወር፣ ከተማ ለከተማ፣ ትልልቅ አዳራሽ። የጉዞው መኪና የሚነሳው ሰኞ ነው። «እስከ ዓርብ ማታ መልስ እፈልጋለሁ» አላት። «አንቺ ካልቻልሽ ሌላ ባንድ አስገባለሁ፤ አልቀየምሽም፣ አንቺም እንዳትቀየሚኝ።»

ምላጭ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ውላ፣ አመሻሹ ላይ «እማ፣ ስለ ጉዞው…» አለች።

«የትኛው ጉዞ? ይሄን ኮሌታ ማን ሊገለብጠው ነው?»

«ሁለት ወር ብቻ እኮ ነው።»

እናት መቀሷን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ምላጭ መልስ አላት። «ይሄን ሁሉ ሰው የጠራሽው አንቺ ነሽ። ጠርተሽ ጠርተሽ አንቺ በጓሮ ልትወጪ?» ቀኝ ክንዷን አሻሸችው። «ብቻዬን አልወጣውም፣ ልጄ።»

ምላጭ «ልጄ» ሲሏት ነው አቅም የሚያንሳት። ኮሌታውን ወሰደችው።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ማዶ መጡ።

ጋሽ ማዶ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። እሳቸውና እናት የተኳረፉት ምላጭ ገና በዳዴ ስትሄድ ነው። ጋሽ ማዶ እናት የሰፋችውን አንድ ኮት አይተው፣ «አንደኛው እጅጌ ሁለተኛውን አያውቀውም» ብለው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገዱን ተካፍለው ይኖራሉ፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ዛሬ ግን ጋሽ ማዶ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ስልካቸውን እንደ ፋኖስ ከፊታቸው ይዘው ገቡ። የነጎዴ ካውያ አየር ላይ ቀረ።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ይግቡ» አለች እናት፣ ከወገቧ ቀና ብላ። ሁለቱም አክብሮቱን እንደ ዱላ ነው የያዙት።

«የመጣሁት ለአቤቱታ ነው። ልጅዎ ደንበኛዬን በዘፈን ጠርጋ ወስዳብኛለች። ልብስ ሰፊ፣ ልብስ ሰፊ እያለች። እኔስ ምንድን ነኝ፤ ጫማ ሰፊ?»

«ልጄ ያንን አላለችም» አለች እናት።

«ምን አለች ታዲያ?»

እናት ልጇ ምን እንዳለች አታውቅም። ከተማው ሁሉ የሚያንጎራጉረውን እሷ በመኪናው ድምፅ መሀል ብጥስጣሹን ነው የሰማችው። «እኔ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቀውም» አለች።

«እንግዲያው ማስረጃዬን አሰማዎታለሁ» አሉ ጋሽ ማዶ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሱሪው ቁልል አናት አስቀመጡና ከፈቱት።

ምላጭ እግሯን ከመኪናው ላይ አነሳች። የራሷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንሽ እንደዘገየች ሰማችና ለማስቆም እጇ በልማድ ወደ ላይ ተነሳ። የሚቆም አልነበረም። እጇን አየር ላይ እንዳለ ወደ ፀጉሯ መለሰችው። አዝማቹ መጣ፣ አለፈ፤ የነጎዴ ድራም ጋለበ፤ ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ የጭጭ ቤዝ ብቻውን ቀረ። እናት ከዚህ በኋላ ያለውን ሰምታው አታውቅም፦

ልበ ሰፊ፣ ክሩን ፍቺው ቀስ ብለሽ፣
ውስጡ ትርፍ ጨርቅ አለ፣ አንቺው ያስቀረሽ።

ለሚያድግ ልጅ የሚሰፋ ሰው ጎንና ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ያስቀራል። ልጁ ሲያድግ ስፌቱ ይፈታና ልብሱ ይለቀቃል። እናት የምላጭን አንዲት ቀሚስ ስንቴ እንደለቀቀችላት ራሷም አታስታውሰውም።

ዘፈኑ አለቀ። ጋሽ ማዶ መነጽራቸውን አውልቀው በሜትራቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይሄ ማስታወቂያ አይደለም» አሉ ቅር እያላቸው።

እናት ስፒሉን ከከንፈሯ አወጣች። «ያልቃል ለካ» አለች። ቀጥላም፣ «‹ልበ› ነው ‹ልብስ›?»

«‹ልበ› ነው እማ። ስልክ ላይ ነው የተበላሸው።» ጭጭ የሚተክለውን ቁልፍ በጣም ቀርቦ ያየው ጀመር።

«ይህቺ ልበ ሰፊ እኔ ነኝ?»

ምላጭ የያዘችውን ጉርድ አስቀመጠች። «ነሽ አላልኩም። ሁኚልኝ ነው ያልኩት።»

ጋሽ ማዶ ሳላቸው ይሁን ሳቃቸው ያልታወቀ ነገር አፈናቸው። እናት ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ ሳብ አድርጋ፣ ለደንበኛ በምትናገርበት ድምፅ፣ «ስንት ይለቀቅልሽ?» አለች።

«ሁለት ወር።»

«ብዙ ነው። ስፌቱ ይተረተራል።»

«አንቺ የሰፋሽው እኮ ነው። አይተረተርም።»

እናት የሱሪውን ቁልል አየች፤ ክንዷን ዳሰሰች። በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ያለውን፣ በሩ ተከፍቶ ሰው የሌለበትን ስፌት ቤት አየች። ምላጭ እናቷ ከልኬት በቀር ሌላ ነገር እንዲህ ስትመዝን አይታ አታውቅም።

«ጋሽ… ይቅርታ፣ ስምዎ ማን ነበር?»

«ማዶ ይበሉኝ። ለምጄዋለሁ።»

«አሁን ሥራ በዝቶብዎታል?»

«በማን ቸርነት!»

«እንግዲያው የዩኒፎርሙን ሱሪና ጉርድ በሙሉ ይውሰዱልኝ። ሙሉ ዋጋው የእርስዎ ነው። እጅጌ ያለውን ግን እዚህ እኔው እሠራዋለሁ፤ እጅጌ ላይ ብዙ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ እንዳላደክምዎት ብዬ ነው።»

ጋሽ ማዶ መነጽራቸውን መለሱ። «ለመሆኑ እጅጌዎችዎ ተዋወቁ?»

«ወንድማማቾች ሆነዋል።»

«ደግ» አሉ ጋሽ ማዶ። «እንግዲያው ሱሪዎቹን አምጡ፤ ዚፕ ካነሰኝ ከእርስዎ እበደራለሁ።»

ልክ በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት ሱሪ ታቅፎ እየዘፈነ ገባ። ምላጭን ስፌት መኪናው ላይ ስላየ ሱሪውን ለእሷ ዘረጋ። «እህት፣ ይቺን ትንሽ ታሳጥሪልኛለሽ?»

እናት ሱሪውን ከእጁ መነተፈችው። «እሷ ሱሪ አታሳጥርም። ዘፋኝ ናት» አለች። አባባሏ ቀላል ነበር፤ ክር የት እንዳለ እንደምትናገር ያህል። «ለሱሪ ማዶ ነው። ይከተሏቸው።»

ምላጭ የስፌት ቤቱ ስልክ ጋ በሁለት እርምጃ ደረሰች። አዘጋጁ ሲያነሳ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው «ልብስ ሰፊ!» ነው። ልማድ ክፉ ነው። ሰውዬው «አውቄሻለሁ፤ ትመጫለሽ አትመጪም?» አላት።

«እንመጣለን» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ የሆነውን የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ አየ። ጋሽ ማዶ ፊት ፊት እጃቸውን እንደ ትራፊክ ዘርግተው መኪና ያስቆማሉ። ነጎዴ ሱሪ እስከ አገጯ ተሸክማ ትከተላለች፤ ጭጭ ጉርድ በሁለት ትከሻው፤ ባለ ሱሪው ወጣት ሳይጠየቅ አንድ ከረጢት አንሥቷል። ምላጭ በስተመጨረሻ፣ እቅፏ ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ። አንድ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «የምን ሰልፍ ነው? የማን ሰርግ ነው?» አለ።

«የሱሪ» አለው ጭጭ፤ ያለ ማንም ግፊት፣ በገዛ ፈቃዱ።

ነጎዴ ያን ስትሰማ ሳቋ ፈንድቶ ሸክሟ ተናደ፤ ሱሪው አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ፤ መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው። ጋሽ ማዶ «ይረገጣል፣ ይረገጣል» እያሉ በሁለት በኩል ይሮጣሉ። እናት ከበራፏ ሆና፣ «ምላጭ፣ አትቁሚ፤ ጨርቁን እየጨማደድሽው ነው» ትላለች። ምላጭ መሄድ ፈልጋ ነበር። መንገዱ መሀል ላይ፣ አፏን ጉርዱ ውስጥ ቀብራ፣ ሳቁ እስኪያልፍላት ቆማ ቀረች።